የደነዘዘ እጅ በማደንዘዣ ይነቃል?

ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ሹሩባ ልሠራ ፀጉር ቤት ወረፋዬን ጠብቄ ተቀመጥኩ። ሠሪዋ የ26 ዓመት ወጣት ናት። እጇ ፈጣን፣ ጨዋታዋ የማይጠገብ፣ ደንበኛዋም ብዙ ነው። የራሴን ግማሽ እንደጨረሰች በድንገት ዝም አለች። ዞር ብዬ ባይ ቀኝ እጇን ወደ ታች ጥላ፣ ቴርሞሜትር እንደሚያራግፍ ነርስ፣ ታራግፈዋለች።

«ምነው፣ ደከመሽ እንዴ?» አልኳት።

«ኧረ ተይኝ እህቴ፣ እጄ የኔ አልሆን ብሏል» አለችኝ።

ወሬው ከዚያ ቀጠለ። ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ ጣቶቿ «ሞተው» ያነቋታል። አውራ ጣቷ፣ ሌባ ጣቷና የመሃል ጣቷ ጉንዳን የወረራቸው ይመስል ይነዝሯታል። እጇን ከአልጋው ውጭ አንጠልጥላ ታራግፋለች፤ ትንሽ ቆይቶ ይለቃታል። ቀን ደግሞ ማበጠሪያ ከእጇ ያመልጣል። በቀደም ዕለት እንግዳ ፊት ሲኒ ከነቡናው ለቃ እፍረት ገድሏታል። አንዷ «ምች ነው» አለቻት፤ ሌላዋ «ብርድ ነው፣ ዝንጅብል ጠጪ» አለች፤ ሦስተኛዋ «የደም ማነስ ነው፣ ቀይ ሥር ብዪ» ብላ መከረች። አንዷ ደንበኛ ግን ጠጋ ብላ «የሥጋ ደዌ እንዳይሆን» ስላለቻት ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም።

ይሄ ሁሉ ሳያንስ ታናሽ ወንድሟ «መድኃኒቱ ተገኘ!» ብሎ መጣላት። ስልኩ ላይ አንድ ነገር አንብቧል። ስዊድን ውስጥ ሐኪሞች የሰውን ክንድ በማደንዘዣ ቅባት ሲያደነዝዙት የእጁ ስሜት ይጨምራል ይላል። ልጁ ነገ ዛሬ ሳይል ከውጭ በመጣ ሰው በኩል አንድ ቱቦ ቅባት አስመጣ። ቱቦው እስካሁን ከመስታወቱ ሥር ባለው መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። አልተከፈተም።

«በደነዘዘ እጅ ላይ ደግሞ ማደንዘዣ? ቀልድ አይመስልሽም? አንቺ ጋዜጣ ላይ አይደል የምትጽፊው፣ እስቲ አጣሪልኝ» አለችኝ።

አጣራሁላት። ውድ አንባቢያን፣ ነገሩ ቀልድ አይደለም። ወንድሟ እንዳሰበውም ግን አይደለም። ሌሊት እጃችሁን እያራገፋችሁ የምትነቁ ካላችሁ ይህ ጽሑፍ ለእናንተም ነው።

ወረታ ያለችው እናት

ልጅቷ ቅባቱን ለመክፈት የፈራችው በቱቦው ምክንያት ብቻ አይደለም። የእናቷን እጅ ታውቀዋለች።

የተወለደችው ወረታ አጠገብ፣ ፎገራ ሜዳ ላይ ነው። ከባህር ዳር ወደ ጎንደር በአውቶቡስ የተጓዘ ሁሉ ወረታን ያውቃታል። መንገዱ ለሁለት የሚከፈልባት፣ አንዱ ወደ ጎንደር ሲቀጥል ሌላው ወደ ደብረ ታቦር የሚታጠፍባት ከተማ ናት። ዙሪያዋን ያለው ሜዳ በአንድ ወገን የጣና ሐይቅ፣ በሌላ ወገን የርብና የጉማራ ወንዞች የሚያጠጡት ነው። ክረምት ሲገባ ውሃው ሜዳው ላይ ይተኛል። ድሮ ያ ውሃ ለገበሬው መከራ ነበር። ሩዝ ከገባ ወዲህ ግን «ኤክስ ጅግና» የሚባለው ዝርያ በዚያው ውሃ ውስጥ እየበቀለ ሜዳውን የአገሪቱ የሩዝ ጎተራ አድርጎታል። ሌላው የፎገራ ስም የወጣበት ነገር ላሙ ነው። የፎገራ ላም በወተቷ አገር ያወቃት ናት።

ሩዝም ላምም የሚያዙት ግን በእጅ ነው። ክረምቱን አጎንብሶ ውሃ ውስጥ አረም መንቀል፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ማጭድ ጨብጦ ማጨድ፣ ጠዋትና ማታ ላም ማለብ። ማለብ ማለት ደግሞ መጭመቅ ማለት ነው፤ ጭምቅ፣ ልቅቅ፣ ጭምቅ፣ ልቅቅ።

የልጅቷ እናት ይህን ሥራ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሠርተዋል። እጃቸው ሌሊት ሌሊት መደንዘዝ የጀመረው ከብዙ ዓመት በፊት ነበር። «ምች ነው ልጀ፣ ያልፋል» ይሉ ነበር። ቅጠል ታሸላቸው። ወጌሻ አሻቸው። ጠበል ተጠመቁ። ከጤና ጣቢያ የሕመም ማስታገሻ ኪኒን ወሰዱ። ቀን እየገፋ ሲሄድ ሕመሙ ቀነሰ፤ እሳቸውም «ተሻለኝ» አሉ። ለካስ የቀነሰው ነርቩ ሕመሙን እንኳ መናገር ስላቃተው ነበር! አንድ ቀን ልጅየዋ ለበዓል ስትሄድ የእናቷን መዳፍ ገልብጣ አየች። ከአውራ ጣት ሥር ያለው ጉብ ያለ ሥጋ የለም። ቦታው ጎድጉዷል። መርፌ ላይ ክር መክተት፣ ቁልፍ መቆለፍ አቅቷቸዋል።

በመጨረሻ ትልቅ ሆስፒታል ወስደዋቸው በቀዶ ሕክምና ታከሙ። አሁን ሌሊት ይተኛሉ፤ እሱ ቀርቶላቸዋል። የሟሸሸው ሥጋ ግን እንደነበረው አልተመለሰም።

ልጅየዋ ይህን ነግራኝ የራሷን መዳፍ ገልብጣ አሳየችኝ። «የኔስ?» አለች። የሷ ሥጋ አለ። ገና አለ።

አንጓችን ላይ ያለች ጠባብ በር

የበሽታው ስም ካርፓል ተነል ሲንድረም ይባላል። ስሙ ቢከብድም ነገሩ ቀላል ነው።

የእጅ አንጓችሁን ከመዳፍ በኩል ተመልከቱት። ቆዳው ሥር አንድ ጠባብ መተላለፊያ አለ። ወለሉና ግድግዳው የአንጓ ትንንሽ አጥንቶች ናቸው። ጣሪያው ጠንካራ፣ የማይለጠጥ የጅማት ድልድይ ነው። በዚህች በር ጣቶቻችንን የሚያጥፉ 9 ጅማቶች ያልፋሉ። ከነሱ ጋር ተጣቦ «ሚዲያን» የሚባለው ነርቭ ያልፋል። አውቶቡስ ውስጥ 9 ወጠምሻ ጎረምሶች መሃል አንዲት ቀጭን ልጅ ተጣብባ ቆማለች እንበል። ጎረምሶቹ ትንሽ ካበጡ የምትጨፈለቀው እሷ ናት።

ይህ ነርቭ የአውራ ጣት፣ የሌባ ጣት፣ የመሃል ጣትና የቀለበት ጣት ግማሽ ስሜት አምጪ ነው። አውራ ጣትን ከሌሎቹ ጣቶች ፊት ለፊት የሚያመጡትን ጡንቻዎችም ያዛል። ስለዚህ ሲጨፈለቅ በመጀመሪያ ይነዝራል፣ ቀጥሎ ይደነዝዛል፣ በመጨረሻም ጡንቻው ይሟሽሻል። ሌሊት የሚብሰው ተኝተን ሳናውቀው አንጓችንን ስለምናጥፈው ነው፤ ሲታጠፍ በሯ ይበልጥ ትጠባለች።

ማንን ይይዛል? ከወንድ ይልቅ ሴትን ያበዛል። እርጉዝ ሴቶች በሰውነታቸው ውሃ ስለሚቋጥር ይይዛቸዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከወለዱ በኋላ ይለቃቸዋል። የስኳር ሕመምተኞች፣ የታይሮይድ እጢያቸው የሰነፈ፣ የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ያለባቸው፣ አንጓቸው ተሰብሮ የዳነ ሰዎችም ተጋላጭ ናቸው። ከሥራ በኩል በኃይል መጨበጥን ከመደጋገም ጋር የሚያጣምር ሥራ፣ እንዲሁም የሚንቀጠቀጥ መሣሪያ መያዝ ዋነኞቹ ናቸው። በውጭ አገር ጥናቶች ወተት አላቢዎች ላይ በብዛት ታይቷል። እንግዲህ የፎገራዋን እናት አስቧቸው! ሁሉም ሰው የሚፈራው ኮምፒዩተር ግን የሚወራበትን ያህል ጥፋተኛ መሆኑ በግልጽ አልተረጋገጠም።

እስቲ ራሳችሁን ፈትሹ

1. የሚደነዝዙት የትኞቹ ጣቶች ናቸው? አውራ፣ ሌባና የመሃል ጣት ከሆኑ ወደዚህ በሽታ ያመለክታል። ትንሿ ጣት ብቻ ከሆነች ጥፋቱ የሌላ ነርቭ ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚነካው ክርን አካባቢ ነው።

2. ሌሊት ያነቃችኋል? ስታራግፉት ይለቃል? ይህ ማራገፍ ሐኪሞች ሆን ብለው የሚጠይቁት ምልክት ነው።

3. የሁለቱን እጆቻችሁን ጀርባ አጋጥማችሁ፣ ጣቶቹ ወደ ታች እንዲያመለክቱ አድርጋችሁ አንጓችሁን ለ1 ደቂቃ እጠፉ። መነዘር ከጀመረ አመልካች ነው። ይህን ፍተሻ ያስለመዱት አሜሪካዊው የቀዶ ሐኪም ጆርጅ ፋለን ናቸው፤ እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

4. መዳፋችሁን ገልብጡ። ከአውራ ጣት ሥር ያለው ሥጋ ከሌላኛው እጅ ጋር ሲተያይ ሟሽሿል? መልሱ አዎ ከሆነ ይህን ጋዜጣ አጥፋችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ። የሚጠበቅ ነገር የለም።

ስለ ሥጋ ደዌ ፍርሃትም አንድ ነገር እንበል። በእርግጥ የሥጋ ደዌም ነርቭን ይነካል፣ እጅንም ያደነዝዛል። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ቆዳ ላይ ስሜት የሌለው፣ ቀለሙ የተለየ ምልክት ይኖራል፤ ሌሊት አራግፈውት የሚለቅ ነገር አይደለም። እሱ ቢሆንም እንኳ የሚድን በሽታ ነው፣ መድኃኒቱም በነፃ ይሰጣል። በጊዜ ከተያዘ አካል አይጎዳም። ስለዚህ በጓደኛችን ጆሮ ከማንሾካሾክ «ነይ አብረን እንሂድ» ማለት ይሻላል።

ስዊድኖቹ ምን አገኙ?

አሁን ወደ ወንድምየው ቱቦ እንመለስ።

ስዊድንና ማደንዘዣ የቆየ ዝምድና አላቸው። ጥርሳችሁን ስትነቀሉ ድዳችሁ ላይ የሚወጋው ሊዶኬይን እ.ኤ.አ. በ1943 ኒልስ ሎፍግሬንና ቤንግት ሉንድክቪስት በተባሉ ስዊድናውያን የተሠራ ነው። በኋላም እዚያው አገር ሊዶኬይንን ከፕሪሎኬይን ጋር ቀላቅለው ቆዳ ላይ የሚቀባ፣ ያለ መርፌ የሚያደነዝዝ ቅባት ሠሩ። ስሙ ኤምላ ነው። ልጆች መርፌ ሲወጉ እንዳያለቅሱ ቀድሞ የሚቀባ ነው።

ማልሞ በምትባለው የስዊድን ከተማ እነ ዮራን ሉንድቦርግ፣ ቢርጊታ ሮሴንና አንደርስ ብየርክማን የተባሉ የእጅ ሕክምና ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2004 አንድ ነገር አሳተሙ። የጤነኛ ሰዎችን ክንድ፣ ከአንጓ በላይ ያለውን ቆዳ፣ በዚህ ቅባት አደነዘዙት። ከዚያ የጣቶቻቸውን ጫፍ ስሜት ለኩ። ጣቶቹ በቅባቱ አልተነኩም፤ ስሜታቸው ግን ለጊዜው ተሳለ! እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ አንጎላቸውን በኤም አር አይ እያዩ ደገሙት። ክንዱ ሲደነዝዝ እጅን የሚያስተናግደው የአንጎል ቦታ ሰፋ ብሎ ታየ።

እንዴት ይሆናል? አንጎላችን ላይ የሰውነታችን ካርታ አለ። ካናዳ ውስጥ ዋይልደር ፔንፊልድ የተባሉት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በቀዶ ሕክምና ላይ ሳሉ የአንጎልን ላይ እየነካኩ ያወጡት ካርታ ነው። በዚያ ካርታ ላይ እጅና ክንድ ድንበርተኞች ናቸው። ነገሩን ወደ ፎገራ ብናመጣው እንዲህ ነው። ሁለት ጎረቤታሞች ማሳቸው ድንበር ለድንበር ነው። አንደኛው ዘንድሮ ማሳውን ፆም ካሳደረ የሌላኛው ከብት ገባ ብሎ ይግጣል። ክንዱ ደንዝዞ ዝም ሲል የእሱ መሬት ፆም አደረ ማለት ነው። እጅ ከብቱን ይዞ ገባ።

ባለሙያዎቹ እዚህ አላቆሙም። አንጓቸው ላይ ነርቫቸው ተቆርጦ የተሰፋላቸው ሕመምተኞች ጣታቸው የነካውን ነገር እንደገና መለየት ሲለማመዱ ክንዳቸውን አብረው አደነዘዙላቸው፤ ልምምዱ የተሻለ ፍሬ ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ የስኳር ሕመምተኞችን ባት አደንዝዘው የእግራቸው ስሜት እንደተሻሻለ አሳተሙ።

ታዲያ ለኛ በሽታስ?

ጥያቄው የሚነሳው በምክንያት ነው። ቦስተን ውስጥ በቪታሊ ናፓዶው የተመራ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2006 እንዳሳየው ካርፓል ተነል የያዘው ሰው አንጎል ላይ ያለው የጣቶች ካርታ ይደበዝዛል፤ የሌባ ጣትና የመሃል ጣት ቦታ ተጠጋግቶ ይገኛል። በሽታው አንጓ ላይ ቢጀምርም አንጎል ድረስ ይዘልቃል ማለት ነው። እንግዲያው ክንዱን አደንዝዘን ለእጅ ሰፊ ቦታ ብንሰጠውስ ብሎ መሞከር ሞኝነት አይደለም። ወንድምየው የቸኮለው ከባዶ ተነስቶ አልነበረም።

ግን አንድ ነገር ተዘልሏል። ነርቡ ተቆርጦ የተሰፋለት ሰው ችግሩ በቀዶ ተስተካክሏል፤ የቀረው አንጎልን ማስተማር ነው። እጃችሁን የያዘው ካርፓል ተነል ከሆነ ግን ነርቩ አሁንም፣ ዛሬ ሌሊትም፣ እየተጨፈለቀ ነው። የሩዝ ገበሬ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። የውሃው ቦይ በደለል ከተደፈነ ማሳውን ብታሰፋው ምን ይረባል? ቅባቱ ማሳ ያሰፋ ይሆናል። ቦይ ግን አይጠርግም። ከዚህም የከፋው ስሜቱ ለጊዜው ሻል ሲል ሰውየው «ድኛለሁ» ብሎ መቀመጡ ነው። ያ ደግሞ የፎገራዋ እናት «ተሻለኝ» ያሉበት መንገድ ነው።

«እኔ ግን ቀብቼ ብሞክረውስ?» የሚል አይጠፋም። እስቲ ፀጉር ሠሪዋን እንውሰድ። ጥር የሠርግ ወር ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ ስትጎነጉን ትውላለች፣ እጇም ይብስባታል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሠርግ የለም፣ ደንበኛ ይቀንሳል፣ እጇ ያርፋል። ቅባቱን ጾሙ በገባ ሳምንት ብትጀምረው «ፈወሰኝ» ብላ ትምላለች። የፈወሳት ግን ጾሙ ነው! እውነተኛ ሙከራ ለዚህ ነው ሁለት ወገን የሚያስፈልገው። ግማሹ እውነተኛውን ቅባት፣ ግማሹ መልኩና ሽታው አንድ የሆነ ባዶ ቅባት ይቀባል። ማን የትኛውን እንደተቀባ ሕመምተኛውም፣ ለኪውም አያውቁም። ከዚያ የጣት ስሜት በቀጭን ክር ጫፍ እየተነካ፣ የነርቩ ፍጥነት በመሣሪያ እየተለካ ለሳምንታትና ለወራት ይታያል። ጥያቄውም «ለአንድ ሰዓት ተሳለ ወይ?» ሳይሆን «ሌሊት ተኛች ወይ? ሲኒው መውደቁ ቀረ ወይ?» መሆን አለበት። ዛሬ የክንድ ማደንዘዝ ሐኪሞች ለዚህ በሽታ ከሚያዟቸው የታወቁ ሕክምናዎች መካከል የለም።

ቅባቱም እንደ ቫዝሊን የሚታይ ነገር አይደለም። ሰፊ ቆዳ ላይ፣ በብዛት፣ ለረጅም ሰዓት ከተቀባ ወደ ደም ይገባል። ፕሪሎኬይን ሲበዛ ደም ኦክስጅን የመሸከም አቅሙን ያሳጣዋል፤ ሊዶኬይንም ሲበዛ የልብን ምት ያዛባል። ለሕፃናት ደግሞ ይበልጥ አደገኛ ነው። ሌላም አለ። የደነዘዘ ክንድ እሳት አይሰማውም። ምጣድ ላይ ለምትጋግር፣ የፀጉር ማድረቂያ ለምትይዝ ልጅ ይህ ትንሽ ነገር ነው?

የሚሠራው ምንድን ነው?

መልካሙ ዜና የሚሠራ ነገር መኖሩ ነው። ደግሞም ከቀላሉ ይጀምራል።

የመጀመሪያው ሌሊት አንጓን ቀጥ አድርጎ ማሰር ነው። ለዚሁ የተሠራ የአንጓ ደጋፊ አለ፤ ሐኪሞች ስፕሊንት ይሉታል። ውስጡ ጠንካራ ነገር ስላለበት አንጓው እንዳይታጠፍ ይይዘዋል። ጣቶቹ ነፃ ናቸው። ሲታሰር መጥበቅ የለበትም፤ ዓላማው ቀጥ ማድረግ እንጂ ማነቅ አይደለም። በአንድ ሌሊት ተዓምር አይጠበቅም። ቢያንስ ለ6 ሳምንት በየሌሊቱ መደረግ አለበት። ጀማሪ ሕመም ብዙ ጊዜ ለዚህ ይበገራል።

ሁለተኛው ሐኪም አንጓው ላይ የሚወጋው የስቴሮይድ መርፌ ነው። እብጠቱን ይቀንሳል፣ ለሳምንታት ወይም ለወራት እፎይታ ይሰጣል። ሊመለስ ግን ይችላል። ከሰፈር «መርፌ ወጊ» የሚወሰድ ነገር አለመሆኑን ልብ በሉ።

ሦስተኛው ቀዶ ሕክምና ነው። ይህን ቃል ስትሰሙ አትደንግጡ። ያ የማይለጠጠው ጣሪያ ይቆረጥና በሯ ትሰፋለች፣ ነርቩ ይተነፍሳል። ቀዶው አጭር ነው፤ ብዙ ጊዜ ሰው በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። ክሩ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይወጣል። ሌሊት የሚያነቃው ሕመም ቶሎ ይለቃል፤ የመጨበጥ ኃይል ግን ለመመለስ ወራት ይፈልጋል። መዳፉ ላይም ለተወሰነ ጊዜ ሲጫኑት ያማል። ማጭድ ለሚጨብጥ ሰው ይህ መታወቅ አለበት። ቀዶውን አጨዳ ደርሶ ከማሠራት ፋታ ባለበት ወቅት ማሠራት ይሻላል።

የሚገርመውስ ምን መሰላችሁ? ለዚህ ቀዶ ሕመምተኛው ሙሉ በሙሉ መተኛት የለበትም። መዳፉ ብቻ ይደነዝዛል። በምን? በሊዶኬይን! ያ የስዊድኖቹ ማደንዘዣ በዚህ በሽታ ላይ እስከ ዛሬ የተረጋገጠ ቦታው እዚህ ነው፤ ቢላዋው ቦዩን እስኪከፍት እጁን ማደንዘዝ።

የማይሠሩትንም እንጥቀስ። የተጨፈለቀ ነርቭ በቢ ቫይታሚን መርፌ አይለቀቅም። እንዲያውም ቢ6 ያለ ልክ ሲበዛ ራሱ ነርቭ ይጎዳል። አንጓን በኃይል ማሸትም በሯን አያሰፋም። ጠበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፣ እምነቱ ነው። ሐኪም ቤቱንም አብሮ ይሂድ እንጂ።

ማረፍ ለማይችል ሰው

«እጅሽን አሳርፊ» ማለት ቀላል ነው። ፀጉር ሠሪዋ ካረፈች ኪራይ ማን ይከፍልላታል? ላሟስ ሳትታለብ ታድራለች? ስለዚህ ከማረፍ በፊት መቀያየር ይቅደም።

ለምትጎነጉን፦ ከአንዱ ሹሩባ ወደ ሌላው ስትሸጋገሪ ለ1 ደቂቃ እጅሽን ዘርግተሽ አንጓሽን ቀጥ አድርጊ። ደንበኛዋ ከፍ ወይም ዝቅ ብላ እንድትቀመጥ አድርጊ እንጂ አንቺ አንጓሽን አጥፈሽ አትሥሪ። ሁለት ጠባብ ሹሩባ በተከታታይ ከመሥራት መሃል ላይ ቀላሉን አስገቢ።

አገር ቤት ላሉ ወላጆቻችሁ፦ ማለቡን ለቤተሰቡ አከፋፍሉት፤ ጠዋት አንዱ፣ ማታ ሌላው። የማጭዱ እጀታ በጣም ቀጭን ከሆነ ጨርቅ ጠቅልሉበት፤ ቀጭን ነገር ለመጨበጥ ብዙ ኃይል ይወስዳል። ማጭዱ ይሳል፤ የደነዘ ማጭድ እጅ ያደነዝዛል። ለበዓል ስትሄዱ ደግሞ ስኳርና ዘይቱን ካወረዳችሁ በኋላ የእናታችሁን መዳፍ ገልብጣችሁ እዩ። «ሌሊት እጅሽን ታራግፊያለሽ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። አያወሩትም እኮ! ካልጠየቃችኋቸው «ያልፋል» ብለው ይከርማሉ።

ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ፤ ጤና ጣቢያው ካልቻለ ሪፈር ይጻፍላችሁ። ለወረታ ሰው ባህር ዳር ላይ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን፣ ጎንደር ላይ የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል አሉ። አዲስ አበባ ላለው ጥቁር አንበሳ አለ። ሲመረመሩ ስኳርና ታይሮይድም አብሮ ይታይ።

ቱቦው የት ደረሰ?

ይህን ሁሉ ይዤ ወደ ፀጉር ቤቱ ተመለስኩ። ወንድሟም ነበር። ስነግራቸው ልጁ ትንሽ ቅር አለው፤ ገንዘቡንም ልፋቱንም አስቦ ይሆናል። «እኔ እኮ እንደ እናታችን እንዳትሆንብኝ ብዬ ነው» አለ አንገቱን ደፍቶ። እህቱ ራሱን ዳበሰችው። ያ ልጅ ያነበበው ውሸት አልነበረም፤ ፍቅሩም ውሸት አልነበረም። የተሳሳተው ቦታው ላይ ብቻ ነው።

በሚቀጥለው ሰኞ አብረው ሐኪም ቤት ሄዱ። ሐኪሙ አንጓዋን አሳጥፎ አየ፣ ጣቶቿን በመርፌ ጫፍ ፈተሸ፣ መዳፏን ገለበጠ። ገና ጅምር ላይ ስለሆነ የሌሊት ደጋፊ አዘዘላት፤ ካልተሻላት ከ6 ሳምንት በኋላ እንድትመለስ ቀጠራት። የሥጋ ደዌ እንዳልሆነም በአፉ ነገራት። ከወጣች በኋላ መጀመሪያ ያደረገችው ወረታ መደወል ነበር።

«እማዬ፣ ያንቺው ነው። ግን እኔ ቶሎ ሄድኩ» አለቻቸው።

እናትየዋ ከዚያ ወገን ለአፍታ ዝም ካሉ በኋላ «ተመስገን ልጀ፣ እሰይ» አሉ።

ባለፈው ቅዳሜ ሄጄ ነበር። ገና ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። በሳምንት ሁለት ሦስት ሌሊት አሁንም ትነቃለች፤ ቀድሞ ግን ሌሊቱን ሁሉ ነበር። ቱቦው? መሳቢያው ውስጥ የለም። ወንድሟ ወስዶ የሰፈራቸው ጤና ጣቢያ ላለች ነርስ አሳያት፤ ነርሷም «ይሄ ለልጆች መርፌ ነው እንጂ ለእህትህ አይደለም» ብላ ሳቀችበት አሉ።

ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ሌሊት እጃችሁ ቢያነቃችሁ አራግፉት፣ ግን ደግሞ ቁጠሩት። ስንት ሌሊት ሆነው? ከጥቂት ሳምንት ካለፈ ነገ ተነስታችሁ ሂዱ። ቸር ሰንብቱ።